በረዶ የነበረበት መስክ

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ላደግን ልጆች አበባ መሬት ላይ የሚበቅል ነገር አልነበረም፤ ታስሮ በእቅፍ የሚመጣ ነገር ነበር። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከከተማው ዳር የሚመጡ ሴቶችና ልጆች አደይና ቄጤማ ተሸክመው ከእስጢፋኖስ እስከ ወሎ ሰፈር የመንገዱን ዳር ይይዙታል። አክስቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ አንድ እቅፍ ይዛ ትመለሳለች። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ አደዩ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ያድርና በማግስቱ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ በኋላ አበባ የምናየው ለመስቀል ነው፣ ደመራው ላይ ታስሮ። መስቀል አደባባይ ከቤታችን የእግር መንገድ ስለሆነ ቦታ ለመያዝ የሚቀድመን አልነበረም። አደዩ የተነቀለበትን ሜዳ ግን አይተነው አናውቅም፤ አለማየታችንም ቅር ብሎን አያውቅም።

አክስቴን ግን ቅር ይላት ነበር። ስትገዛ አንዱን ዘለላ ለብቻው አንስታ ታገላብጠውና "ምስኪን፣ ደጋ አላየ" ትላለች። ሻጯ ግራ ተጋብታ "እናቴ፣ ትኩስ እኮ ነው፤ ዛሬ ነው የተነቀለው" ትላታለች። እሷም "ትኩስማ ነው" ብላ ትከፍላለች።

የተወለደችው ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ ነው። እናቴን ትምህርት ቤት ላስገባት ብላ ወደ አዲስ አበባ ይዛት የመጣችው እሷ ናት። ከዋናው መንገድ ኋላ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ በሚያስወልቅ መተላለፊያ የሚገባባት የቀበሌ ቤት ነበረቻቸው፤ እኛም እዚያው ተወለድን። እናቴ ቢሮ ስለምትውል ያሳደገችን አክስቴ ናት፤ "እትዬ" እንላታለን። ማታ መብራት ሲጠፋ የምታወራልን ስለ አገሯ ነው። ስለ ጎደንቱ ታወራለች፦ እህሉ ማሳ ላይ ሳለ ከብቱ እንዳይገባበት ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ሣር ይነዳል፤ ልጆችም አብረው ይወጣሉ፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ይመለሳሉ። ከብቱ ጨዋማውን ውኃ ለመጠጣት እየተጋፋ ስለሚወርድበት ሆራ ታወራለች። ጠዋት ሣሩ ላይ ስለሚያድረው ውርጭ፣ እግራቸው ሲደነዝዝ ላም ተኝታ የተነሣችበት ቦታ ላይ ቆመው ስለመሞቃቸው ታወራለች። አበባው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ እስከ ጉልበት። እኛም እናዳምጣለን። እናምናታለን ማለት ግን አይደለም፤ ልጅ ስለ ሩቅ አገር የሚነገረውን የሚሰማው የጅብና የጦጣ ተረት በሚሰማበት ጆሮው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ታናሽ እህቴ ሲያትል ሁለተኛ ልጇን ወለደች። እትዬ አራስ ልትጠይቅ፣ ገንፎ ልታገነፋ ብላ ቅቤና የገብስ ዱቄት በሻንጣ ሞልታ ሄደች፤ እኔም የዓመት ፈቃዴን ይዤ ተከተልኳት። ሲያትል ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው። ሬኒየር አቬኑ በሚባለው ረጅም መንገድ እንጀራና በርበሬ ፍለጋ ብዙ መንከራተት የለም። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከሬኒየር ተራራ ነው። ተራራው ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ ደመና ውስጥ ስለሚውል፣ የተገለጠ ቀን የከተማው ሰው "ዛሬ ተራራው ወጥቷል" ይባባላል። እትዬ በገባች ሰሞን ከመስኮት አይታው "ያ ደመና ምነው አልንቀሳቀስ አለ?" ብላ ጠይቃ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሕፃኗን ታቅፈን፣ ትልቁን ልጅ አስከትለን፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ ቋጥረን ማለዳ ወጣን። ወደ ደቡብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ "ኦሎምፒያ" የሚል አረንጓዴ ምልክት ብቅ ሲል "ወራጅ አለ!" ልል ምንም አልቀረኝም። የዋሽንግተን ስቴት ዋና ከተማ ስሟ ኦሎምፒያ ነው። እኛ ግን እዚያ ሳንደርስ ታጥፈን ወደ ተራራው አቀናን።

ፓራዳይዝ የሚባለው መስክ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ነው። የኛዋ ኦሎምፒያ ከዚያ ወደ 700 ሜትር ትበልጣለች። የአዲስ አበባ ሰው ግግር በረዶ ለማየት ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ምሥጢሩ ክረምታቸው ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራው ጋ ሲደርስ ያለውን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1972 በነበረው አንድ ክረምት ፓራዳይዝ ላይ የወረደው ከ28 ሜትር በላይ ነበር። ያ ሁሉ ቀልጦ ሣሩ ፀሐይ የሚያየው ሐምሌ ውስጥ ነው። ጊዜው አጭር መሆኑን የሚያውቅ ይመስል፣ አበባው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣል።

መንገዱ የሚያደክም አይደለም። ኒስኳሊ ቪስታ የሚሉት ዙር 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አስፋልት ስለለበሰ ሽማግሌም ሕፃን የታቀፈም ይሄድበታል። እትዬ እህቴ የገዛችላትን ስኒከር ተጫምታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከፊት ከፊታችን ሄደች። ግራ ቀኙ ሐምራዊ ነው፤ ሉፒን የሚሉት ነው፣ የጎጃሙ ግብጦ ዘመድ። መሐል መሐሉን ደማቅ ቀይ ጣልቃ ይገባል፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ቢጫ። ጥላው ባረፈበት ቦታ ያልቀለጠ በረዶ አለ። ከድንጋይ ላይ ሆኖ የሚያፏጭ፣ ከኛ ሽኮኮ በጣም የሚተልቅ ወፍራም እንስሳ አለ፤ ማርሞት ይሉታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ግማሹን ሰማይ የያዘው ተራራ።

እትዬ ድንገት ቆመች። "ማን ነው የሚያግጠው?"

"ማንም አያግጠውም እትዬ፤ ክልክል ነው" አለች እህቴ።

"በግም አይገባ?"

"በግም አይገባ።"

"ታዲያ ለማን በቀለ?"

እህቴ "እንዲታይ ነዋ" አለች። እትዬ አልመለሰችላትም። ትንሽ ሄድ ብላ አንዱን ቀይ ልትቀጥፍ ጎንበስ ስትል ትልቁ ልጅ "እትዬ፣ አይነካም! ሬንጀሩ ይቆጣል!" ብሎ ጮኸ። በየመታጠፊያው ከመንገዱ እንዳትወጡ የሚል ምልክት ተተክሏል፤ የሚያድግበት ወራት አጭር ስለሆነ አንዴ የተረገጠ መስክ ለማገገም ብዙ ዓመት ይወስድበታል። እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። መስክ ላይ አድጋ አበባ መቅጠፍ ስትከለከል የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

የግግር በረዶው መመልከቻ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቷል። እትዬ ቁልቁል አየችና "የቱ ነው?" አለች። አሳየናት፣ ያ ግራጫው፣ ድንጋይ የተነሰነሰበት።

"እሱማ አፈር ነው!"

አልተሳሳተችም። ኒስኳሊ የሚባለው ግግር በረዶ ላይኛው ክፍሉ ነጭ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ግን ከተራራው እየፋቀ ያወረደው ድንጋይና አፈር ስለተከመረበት በረዶነቱ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ ይኸው በረዶ ዛሬ መኪና የሚሻገርበት ድልድይ ካለበት አልፎ ወደ ታች ይደርስ ነበር፤ አሁን ርቆ ወደ ላይ ሸሽቷል። ሬኒየር ላይ ስም የወጣላቸው ግግር በረዶዎች ከ25 አያንሱም፤ የአብዛኞቹ አዝማሚያ ይኸው ነው።

"የኛም አገር እንዲሁ ነው፤ በረዶው ብቻ ነው የጎደለው" አለች እትዬ ስንመለስ። እንደ ልጅነቴ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። መኪና ውስጥ ግን ስልኬን አወጣሁ። ሬኒየር 4,392 ሜትር። ቱሉ ዲምቱ፣ ከባሌ ተራሮች ትልቁ፣ 4,377 ሜትር። ልዩነቱ 15 ሜትር ነው። ኦሎምፒያ ላይ ከቆሙት ፎቆች አጭሩ እንኳ ይህን ያህል ሳይሆን አይቀርም።

ጥቅምት 2011፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ወደ ባሌ ልንሄድ ደንበል ፊት ለፊት ተገናኘን። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መኪና ተከራይተን እትዬን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት። በአዳማ አድርገን ወደ አሰላ ወጣን። ከአሰላ ወዲያ አገሩ ስንዴና ገብስ ነው፤ በስተምሥራቅ የጭላሎ ተራራ ይታያል። በቆጂ ላይ ሻይ ጠጣን። ሯጮቹ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከዚችው ከተማና ከዙሪያዋ ናቸው። መኪናውን የሚነዳው ጓደኛዬ "ኦሎምፒያ መባል የሚገባት ይቺ ነበረች እንጂ የናንተ ሰፈር አልነበረም" ሲል እትዬ "ሻዩ ቀዝቅዟል" አለች። ሌላ ነገር ላይ ነበረች። ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ መስኮቷን ከፈተች። ብርዱ ገባ፤ ዝጊው ያላት ግን አልነበረም።

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ ጋይሳይ የሚባለው መስክ ደግሞ ከከተማዋ አፍ ላይ ተዘርግቷል። አስጎብኚያችን ወጣት ነው። እትዬን በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ መለሰችለት፤ ከዚያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ መጠያየቅ ጀመሩ። እኛ አንድ ጎን ቆመን ጠበቅናቸው። ሲጨርሱ ልጁ የእሷን ቦርሳ ይዞ ነበር፤ የኛን አልያዘም።

ከዚያ ሜዳውን ገባንበት። ስለዚህ መስክ ስጽፍ መጠንቀቅ አለብኝ፣ ምክንያቱም ሬኒየር ላይ ያየሁት እየተደረበበት ያስቸግረኛል። ጋይሳይ ላይ አስፋልት የለም፣ ምልክትም የለም። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ እግር አያደክምም፤ ትንፋሽ ብቻ ያጥራል። ግራጫው ጭቁኝ ቁጥቋጦ ሆኖ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ስታልፍ ልብስህን ነክቶ ሽታውን ይሰጥሃል። በመሐሉ አንዳንዱ አበልብላ የሚለው አበባ በረጅሙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ቢጫ፣ ወደ ላይ እየቀላ ይሄዳል። አብዛኛው አልፎበት ነበር፤ የሱ ወራት ክረምቱ ነው። እርጥብ ቦታው ላይ ማገጥ አለ፣ ወይን ጠጅ ሆኖ ሣሩ ውስጥ ተደብቆ። እስከ ጉልበት የሚለው የእትዬ ታሪክ ለአንዳንዱ ቦታ እውነት ነው፤ ለብዙው ቦታ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ይህን አልነገርኳትም። እሷ ጦስኝ አግኝታ ነበር። ያለ ማንም ከልካይ ቀጠፈች፣ አሽታ ሸተተች፣ የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ቀና ስንል የደጋ አጋዘኖች ቆመው ያዩናል። ሴቶቹ ብዙ ናቸው፤ ወንዱ ቀንዱ ጥምዝ፣ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ፈንጠር ብሎ ለብቻው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋ በቀር የትም የለም። ከእነሱ ማዶ ደግሞ የሰው ከብት ተሰማርቷል፤ ሁለቱም አንድ ሣር ላይ አጎንብሰዋል።

"ይኸው፣ የሚያግጠው አለ" አለች እትዬ። ለእህቴ መልስ መስጠቷ ነበር፣ እህቴ ግን ሲያትል ናት።

ደስታዋን ብጋራውም ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፓርኩ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ፤ ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ውስጡ የሚኖረው ሰውና የሚሰማራው ከብት ከዓመት ዓመት እየበዛ መጥቷል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከዚያ ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው፤ የሚጨርሰው ደግሞ ከከብቱ ጋር የሚመጣው ውሻ የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። እትዬ ልጅ ሆና የምታውቀው መስክ የሚጋጥ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍም ነበር። ከብቱ ወራቱን ጠብቆ ይወጣል፣ ወራቱን ጠብቆ ይወርዳል፤ ጎደንቱ ማለት ያ ነው። ዛሬ ብዙው የወጣው እዚያው ቀርቷል። ፓራዳይዝ መስኩን በክልከላ ያሳርፉታል፤ እዚህ በሥርዓት ያርፍ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ሥርዓቱ ይሻለኝ ነበር። ግን ሥርዓቱ ከላላ ክልከላውን የሚጠላ ሰው ምን እንደሚያቀርብ አላውቅም።

በማግስቱ ወደ ወብ ሸለቆ ወረድን፤ መንገድ ከተባለ መንገዱ ጎማ የሚበላ ነው። ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ጋ ተቀመጥን። ሸለቆው ውስጥ ፍልፈሉ ብዙ ነው። ከባሌ ውጭ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ያወጣል፣ አፉ የሞላውን ሣር ያኝካል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ራቅ ብሎ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠብቀዋል። እትዬ የገደሉን ግርጌ እያሳየች "ዝናብ ሲመጣ እንዲህ ያለ ዋሻ ውስጥ ነው ከብቱን የምናስገባው፤ እኛም እዚያው እናድራለን፣ እሳት አንድደን" አለች። አስጎብኚው ሳቀ፤ "አሁንም እናድራለን እናቴ" አላት።

በመጨረሻው ቀን በጎባ በኩል ሰነቴን ወጣን። ደኑ ያልቃል፣ አስታው ያልቃል፣ ከዚያ ሜዳ ነው፣ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ። ጅብራው እዚህም እዚያም ለብቻው ቆሟል። ዓመታት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ሬኒየርን ለመውጣት ገመድና የበረዶ መቆናጠጫ ጫማ ያስፈልጋል፤ በ15 ሜትር የሚያንሰውን ቱሉ ዲምቱን ግን እትዬ የፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ወጣችው። ጫፉ ላይ የመገናኛ ማማ አለ። ንፋሱ በር አላስከፍት ብሎን ነበር።

በረዶ ለምን እንደሌለ ያን ቀን በቆዳዬ ገባኝ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ፊቴን አቃጠለኝ፤ ማታ ጎባ ወርደን እንኳ በሦስት ብርድ ልብስ አልሞቅ አልኩ። ሰነቴ ላይ በበጋው ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ወርዶ ተመዝግቧል። ከምድር ወገብ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ግን ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ላይ አይርቅም፤ ሌሊት የተጋገረው ውርጭ ረፋድ ላይ የለም። ሬኒየር በዓመት አንዴ ክረምት አለው፤ እዚህ ክረምቱ በየሌሊቱ ይመጣና በየጠዋቱ ይሄዳል፤ በረዶ ለመጠራቀም ጊዜ አያገኝም። ስሜን ላይም እንዲሁ ነው፤ ወርዶ ያድራል፣ ይቀልጣል። በጥንቱ ጊዜ የከበደ ሳይሆን አይቀርም። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ስሜን ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት በረዶ ውስጥ እንዳለፈ ይናገራል።

ስንወርድ አስጎብኚው ተዳፋቱ ላይ የተሰመሩ የድንጋይ መደዳዎች አሳየን። ሰፋፊ ናቸው፣ እርስ በርስ ትይዩ ሆነው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ርዝመታቸው እስከ 1 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። "የድሮ ሰው የከብት በረት ነው" አለች እትዬ ሳታመነታ። ማንም የተሻለ መልስ አልነበረውም።

መልሱ የመጣው እኛ ከተመለስን በኋላ ነው። ነሐሴ 2011 ላይ 'ሳይንስ' መጽሔት ስለ ባሌ አንድ ጥናት አወጣ። ስሙን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ፊንጫ ሀበራ ይላል። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የገደል ግርጌ መጠለያ ነው፤ የላይኛው አፈር እንደ እትዬ ያሉ እረኞች ከብት ያሳደሩበት ነው። ከሥሩ ግን ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት እየተመላለሱ እንደኖሩበት ተገኘ። ባልጩት ድንጋይ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ የሚጠጡት ከግግር በረዶ የቀለጠ ውኃ ነበር፤ የሚበሉት ደግሞ በብዛት ያንን ግዙፍ ፍልፈል፣ ጠብሰው። ያን ያህል ከፍታ ላይ የሰው መኖሪያ ሆኖ ከታወቁት ሁሉ ቀደምቱ ተባለ። መጋቢት 2013 ላይ ደግሞ ሌላ ጥናት ታተመ፦ በባሌና በአርሲ ተራሮች ግግር በረዶው እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ነበር፤ ያኔ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር። የድንጋዩ መደዳም የበረት ሳይሆን የብርድ ሥራ ነው፤ መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ፣ እየረጋና እየቀለጠ ትልልቁን ከትንንሹ ለይቶ ደረደረው።

ዘመኖቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ይገጥማሉ። ፊንጫ ሀበራ ላይ እሳት አንድደው ፍልፈል የጠበሱት ሰዎች ከዋሻው ወጥተው ወደ ላይ ሲያዩ በረዶ ያዩ ነበር። ሰውየው ሸለቆውን ይሄዳል፣ ከበላዩ ነጩ ይበራል። እህቴ መኪና ነድታ፣ ለመኪና ማቆሚያ ተሰልፋ ያሳየችንን ነገር እነሱ ከደጃቸው ያዩት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትዝታዬ ተበላሽቷል፣ ወይም ተሻሽሏል፤ የቱ እንደሆነ አልለየሁም። የወብን ሸለቆ ባሰብኩ ቁጥር ከገደሉ በላይ በረዶ አያለሁ። እንዳላየሁ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ከበላያችን የነበረው ሰማይና አንድ አሞራ ብቻ ነው። ትዝታዬ ግን ሬኒየር ላይ ያየውን ነጭ አንስቶ ሰነቴ ላይ አኖረው፤ ቁመታቸው አንድ ያህል ስለሆነ ልክክ አለለት። ብሞግተው አይሰማኝም። ቀድሞስ ቢሆን ስለ ደጋ የነበረኝ ትዝታ የት የራሴ ነበር? መብራት በጠፋበት ቤት የተነገረኝ የእትዬ ነበር። ውርጩን የረገጠችው እሷ፣ እግሬን ያመመኝ እኔ። አሁን ደግሞ ከ40,000 ዓመት በፊት የነበረ ሰው ያየውን ጨመርኩበት። እሷ የኖረችውን አትደባልቅም፤ መስኩ ላይ በረዶ አልነበረም፣ ውርጭ ነበር፣ አለቀ።

ጥናቱን ሳነብላት ያስደነገጣት በረዶው አልነበረም። "ፍልፈል በሉ?"

"በሉ።"

"ጠብሰው?"

"ጠብሰው፣ እትዬ።"

"ከብት አልነበራቸው ይሆናላ" ብላ ትንሽ አዘነችላቸው። የድንጋዩን መደዳ ጉዳይ ግን አልተቀበለችም። "ብርድ ድንጋይ አይደረድርም። ሰው ነው" አለች፣ እስከ ዛሬም በዚያው ጸንታለች። ባሌ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዜናውን በቴሌቪዥን አብረን አየነው፤ ጋይሳይ ብቅ ሲል አጋዘኑን ሳይሆን ከብቱን ፈለገች፣ አላሳዩም።

የቀበሌዋ ቤት ዛሬ የለችም። እትዬ ከዚያው ከኦሎምፒያ ሳትርቅ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የኮሪደር ልማቱ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ድልድይ መንገዱን ሲያሰፋው፣ የእግረኛው መሄጃ ዳር አበባ ተተከለበት፤ መብራት ገባለት፣ ውኃ የሚያጠጣ ሠራተኛ ተመደበለት። ኦሎምፒያ ላይ መሬት የነካ አበባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አመሻሽ ላይ እትዬን ይዤ እንሄድበታለን፤ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም፣ ለጉልበቷ ይስማማታል። አንድ ቀን ቆም ብላ ቅጠሉን ልትነካ ስትል ጥበቃው "እማማ፣ አይነካም" አላት። እሷም "እንዲታይ ነዋ" ብላው አለፈች። ልጁ ምን እንዳስቀኝ አልገባውም።

ባለፈው ከሲያትል ተደወለ። ያኔ "አይነካም" ብሎ የጮኸው ልጅ አሁን ረዝሟል፣ ድምፁ ሊጎረንን ነው፤ አማርኛው ግን ከእናቱ ኩሽና አልወጣም። ትምህርት ቤት ስለ ሬኒየር ጽፎ ኖሮ ያንን ሊነግራት ነው። ተራራችን ከአንቺ ተራራ ይበልጣል አላት።

"በ15 ሜትር" አለች እትዬ። ይህን ቁጥር አትረሳውም።

"የኛ በረዶ አለው። የአንቺ ግን የለውም።"

"ነበረው።"

"መቼ?"

"ሳልወለድ።" ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። "ንገረው እስቲ፣ ያነበብክልኝን።"

ነገርኩት። 42,000 ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ "ኦኬ፣ ግን አሁን የለውም" አለ። ስልኩን መልሳ ተቀበለችኝና ወደ አፏ አስጠጋችው፣ ካሜራው ጣራውን እያሳየ።

"የናንተም አፈር መሆን ጀምሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አለችው። መልሱን አልጠበቀችም። እናቱን እንዲያቀርብላት አዘዘችው፤ የላከችው በርበሬ ደርሶ እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት።